የአሸዋ እርከን

አያቴ ክረይን፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣
ባሕር ሲገፋ ነው ያለቀ ጉልበቱ።
አሸዋ በሚመጥ መርከብ ላይ አርባ ዓመት
ከባሕሩ ሆድ ቀድቶ ሲቆልል ለመሬት፤
ሥራው ይህ ነበረ፣ ሌላ ሥራ አያውቅ፣
ውሃ ደጅ እንዲያድር፣ ሰው ቤቱ እንዲሞቅ።

ጡረታ ወጣና፣ እዚህ ቭሊሲንገን፣
በሦስተኛው ፎቅ ላይ ባሕሩን ቤት አስገባልን።
አራት መቶ ሊትር፣ መስታወት ግድግዳ፣
ጨዉ በኪሎ ሲመዘን፣ ባልዲ ሲመላለስ ከጓዳ።
ሌንትዬ ወለሉን በእግሯ መታ መታ እያደረገች
«ታች ያሉት ጎረቤቶች ዋና ይችላሉ?» አለች።

እሱ አልሰማም።
«ሜዳ አሸዋ አልፈልግም፤ ሜዳማ አገሬ ሞልቷል፤
እዚህ የተወለደች ላም ቁልቁለት ብታይ ያዞራታል።
እኔ የምሻው እርከን ነው፣ ደረጃ በደረጃ፣
ላይኛው ለብርሃን፣ መካከሉ ለጥላ፣ ታችኛው ለዋሻ።»

መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆለለው።
ማታ ኮረብታ ነበር፤ ጠዋት ሜዳ ሆኖ ጠበቀው።
ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ በውሃው ሲነፍስ
ቁልሉ ሲተኛ አድሯል፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ።
ያን ሁሉ ዘመን አሸዋ ያዘዘን ሰው
አንድ ጆንያ አሸዋ እንደ ልጅ ናቀው።

ሁለተኛው ሙከራ ከድንጋይ ጀመረ።
አሸዋ ላይ የቆመ ምን እንደሚያገኘው ከልጅነቱ የተማረ፣
ድንጋዩን ከመስታወቱ ወለል ጋር አስተቃቅፎ፣
ስንጥቁን በሙጫ ደፍኖ፣ ግንቡን ወደ ኋላ አሳርፎ፣
አሸዋውን ሰባት ጊዜ አጠበው፣ ወተት መምሰሉን እስኪተው፤
ሻካራውን ከሥር፣ ደቃቁን ከላይ፣
በቱቦ፣ በትንፋሽ ልክ፣ ውሃው እንዳይደፈርስ አፈሰሰው።
እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ። እጄ ዛለ።
«ቀና አድርጊው! ባሕር ሰው አይጠብቅም» እያለ።

ሦስት እርከን ቆመ።
ሌንትዬ መነጽሯን አድርጋ መጣች፣ አየች፣
ምንም አላለች። ይህ ከሷ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ከዚያ ተከራዮቹ ገቡ፦
አንዲት ቢጫ ዓሣ፣ የትንሿ ጣቴ ቁመት፣
አንድ ሽሪምፕ፣ ዓይኑ ከሩቅ የማያይለት።
እሱ ይቆፍራል፤ እሷ በር ላይ ዘብ ትቆማለች፤
ጥላ ባለፈ ቁጥር በጅራቷ ነካ አድርጋ ታስገባዋለች።
በአንድ ሌሊት ሦስተኛውን እርከን ከሥሩ በሉት።
ጠዋት ጠርዙ ተንዶ፣ አሸዋው ታች ተኝቶ አየሁት።

ክረይን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሻዩ ቀዘቀዘ።
«ፍልፈል ነው» አለ በመጨረሻ።
ለማን እንደሚያወራ አላወቅሁም።
«አምስት ዓመቴ ነበር። ግድቧ በሌሊት ስትሰበር
እኔ ጣራ ላይ ነበርኩ፣ በአባቴ ቀበቶ
ከጭስ ማውጫው ታስሬ፣ ነፋስ እንዳይወስደኝ።
ሰው ሁሉ ማዕበሉን ረገመ። አባቴ ግን እስኪሞት
ፍልፈሉን ነበር የሚወቅስ፦ ‹ውስጥ ለውስጥ እሱ ነው የቦረቦራት።›»
ስለዚያ ሌሊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤
በሩ ላይ የቆመችው ሌንትዬም፣ እሷም።

ሽሪምፑን የሚያወጣው መስሎኝ መረቡን አመጣሁለት።
አልነካውም። ከኩሽና ጭልፋ አንሥቶ፣
ክንዱ እስከ ብብቱ ርሶ፣
የወረደውን አሸዋ ወደ ላይ መለሰ።
በማግስቱ ሽሪምፑ አወረደው። እሱ መለሰው።
ይኸው ከፋሲካ ጀምሮ እንዲህ ናቸው።

«ማን አሸነፈ?» ትላለች ሌንትዬ ከጓዳ።
«ገና ነው» ይላል።

ሾርባ አሁን በሻይ ኩባያ ነው የምንቀዳው።