እጅ ሰጠ

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ታልካዋኖ ወደብ ቆርቆሮ ይመታል፣
የዓሣ ፋብሪካው የንጋት ሽታ በበሩ ሥር ይገባል።
ሁለት አጥማጆች ናቸው ያመጡት፣ መረባቸው ይዞት፣
ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን ሳያውቁለት።
ፊቱን ውኃ በልቶት፣ ኪሱን አሸዋ ሞልቶት፣
በግራ ጎኑ ስለት የከፈተው ጠባብ በር ነበረበት።

እኔ ኢርማ ካርካሞ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጣት ሳነብ የኖርሁ፣
ለጡረታዬ አሥራ ሰባት ቀን የቀረኝ ሰው ነበርሁ።
ፊት እረሳለሁ። የጎረቤቴን ስም ሁለቴ ስቻለሁ፤
ሽክርክሪትና ቅስት ግን፣ መስመር ተሰንጥቆ ደሴት ሲሠራ፣
አንዴ ያየሁት አይጠፋኝም፤ ያድራል ከእኔ ጋራ።

ውኃ የሰነበተበት እጅ፣ ቆዳው እንደ ጓንት ይወልቃል፤
ምሳ ላይ ይህን ያወራሁ ለት የእህቴ ሹካ ከእጇ ወድቋል።
አጠብሁት፤ በአልኮል አደረቅሁት፤ የሌባ ጣቱን ቆዳ
ከጓንቴ በላይ አጠለቅሁት፣ በራሴ ጣት፣ የሞተ ሰው ዕዳ።
ቀዝቃዛ ነበር። ልክክ አለ።
ቀለሙን ነክቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ከጥፍር እስከ ጥፍር አንከባለልሁት፣ ጎንበስ ብዬ ተቀምጬ።
በእኔ ክንድ ጉልበት ሬሳው ፈረመ፤
የማን ጣት እንደ ሆነ ለአፍታ ተምታታብኝ፤ የእኔው አንጓ ታመመ።

አውራ ጣቱ ስም አወጣ፦ ራሚሮ ኦያርሶ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ።
መታወቂያው ላይ የነበረው ያ ብቻ ነው፤ አውራ ጣቱ።
ሌባ ጣቱን ግን ኮምፒውተሩ ከማኅደር ማኅደር አመላለሰ፣
ሃያ አምሳያ ደርድሮ፣ እንደ ደላላ ከላይ ወደ ታች ነጥብ ቀነሰ።
«አንደኛው ይህ ነው» አለ። ማሽን «ምናልባት» አያውቅም፤
በእኛ ሙያ ግን ከምናልባት ጋር ያላደረ አይታመንም።
ማጉያዬን አወጣሁ፣ በመርፌ ጫፍ መቁጠር ጀመርሁ፤
እዚህ መንታው፣ እዚህ ማብቂያው... ዘጠኝ፣ አሥር፣ ከዚያ ቀረሁ።
መሐል ለመሐል በሰያፍ የሚያልፍ ነጭ ጠባሳ።
ይህንማ አውቀዋለሁ። እንዴት ብዬ ልርሳ!

በየመጋቢቱ ፈለግሁት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፤
ሰዓት ጠጋኙ ኤሊሴዎ ወለሉ ላይ፣ ባዶ መሳቢያዎቹ ሁሉ፣
ከመስታወቱ ሣጥን ላይ ይህ አንድ ጣት፣ ሌላ ምንም።
እጅ ከፍንጅ የሚሉት እንዲህ ዘግይቶ ይመጣል አላልሁም።
ኢንስፔክተር ባኤሳ በትከሻዬ አጮልቆ «የእጁን አገኘ» ብሎ ሳቀ፤
«እጅ ሰጠ እንጂ» አልሁት። ቅዝቃዜው ገና ከጣቴ አልወለቀ።
የእሱንስ ጎን የከፈተው ማን ነው? ስለቱን ባሕር ወሰደው፤
ጨው አሻራ አይምርም፤ ያንን ጥያቄ ለተተኪዬ ነው የምተወው።

ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችው እናቱ ናት፣ ዶሚቲላ፣
በፌስታል የሱፍ ሹራብ ይዛለች፣ ምናልባት ቢበርደው ብላ።
አንዱን ወረቀት ሰጠኋት፤ ሁለተኛውን በጀርባዬ ያዝሁ።
አላነበበችም። ጣቱን ብቻ አየች፤ እኔም አብሬያት አየሁ።
«ይቺ» አለች፣ ጠባሳውን በጥፍሯ እየነካች፣
«በሰባት ዓመቱ ነው፤ ዛጎል ሲከፍት ቢላዋው አምልጦት።
በቀሚሴ ጠርዝ አሰርኋት፤ ሦስት ቀን ደማች።»
አሥራ ሁለት ዓመት ያጠናሁት መስመር፣ ማዕዘኑን የለካሁት፣
የሕፃን ለቅሶ እንደ ነበረው ያኔ ነው የሰማሁት።
ሁለተኛውን መንገር የባኤሳ ድርሻ ነው፤ ደንቡ እንዲህ ይላል፤
ደንብ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጃንጥላ ነው፣ ያዡን ብቻ ያስጠልላል።

ማታ ሦስቴ በሳሙና ታጠብሁ፤ ቀለሙ ለቀቀ፣ ቅዝቃዜው አልለቀቀም።
ለኤሊሴዎ ልጅ ደወልሁ፤ ሱቁን እስከ ዛሬ አልዘጋችም።
«ተገኘ» አልኋት። ዝም አለች።
ከዝምታዋ ጀርባ ሰዓቶቹ ይሰማሉ፤ ብዙ ናቸው፤
አንዱ ከሌላው አይገጥምም አመታታቸው።