የመጀመሪያው ግስ

ኤልደርዊክ ላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣
ጭጋግ በጥቅምት ገብቶ እስከ ፋሲካ በሚከርምበት፣
አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ግንቡ ድንጋይ፣ ተማሪው ወንድ ብቻ፤
ሠላሳ አንድ ቁልፉ ይንቃጨላል በቀበቶዬ ዳርቻ።

ቄስ አምብሮዝ ነው የተከለው፣ ወረርሽኙ ባለፈ ማግስት፣
ቅዳሴው ተቀባይ ቢያጣ፣ ዲያቆን ቢጠፋ ለምልክት።
ኑዛዜው መስታወት ውስጥ ነው፤ የብራናውን ጠርዝ በልቶታል አይጥ፤
«ዐሥራ ሁለት የድሀ ልጆች፤ አባት የሌለው ቢሆን ይመረጥ፤
ለያንዳንዱ በቀን አንድ ዳቦ፣ በሌሊት አንድ ጧፍ፤
ሰዋስውና ዜማ ይማሩ፣ በመጽሐፍም በአፍ።»

የሰዋስው ትምህርት ቤት ይባላል፤ ሰዋስው በግእዝ መሰላል፤
ድሀ ሊወጣበት ቆመ፤ የወጣ ወደ ላይ ይስበዋል።
የቆዳ ነጋዴው ልጅ መጣ፣ የዳኛው ልጅ ተከተለ፣
ዐሥራ ሁለቱ ወንበር ሞላ፤ ከድሀ ግን አንድም የለ።

አርጩሜው አሁንም አለ፣ በርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ በቁም ሳጥን።
ማንም አይመታበትም። ማንም አልጣለውም።
ንጋት ላይ በበረዶ ውሃ መታጠቡ ቀርቷል፤
የላቲኑ ጸሎት አልቀረም፤
«አሜን» ሲሉ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፣
ግማሹ ልጅ፣ ግማሹ ጐልማሳ።

በመሥራቹ ቀን፣ በኅዳር፣ ዐሥራ ሁለት ልጆች ይመረጣሉ፤
ዳቦ ይታደላቸዋል፤ ፎቶ ይነሣሉ፤ ይሥቃሉ፤
ከዚያ ወንዙ ዳር ወርደው ለዳክዬ ይጥላሉ።
እኔ አኮፋዳ አንግቼ፣ ከውሻ ታግዬ የተማርኩት
አንዱን ከሣሩ አነሣሁ፤ አራግፌ ሳምኩት።
በላሁትም።
ውስጡ አልበሰለም።

ትናንት የስምንተኛ ክፍሉ ኦልድሮይድ፣ ብቻውን ቀርቶ ለቅጣት፣
«አሞ፣ አማስ፣ አማት» ይጽፋል፣ መቶ ጊዜ፣ ቀለም በቀባው ጣት።
ሣቄ መጣ፤ በኛ ቋንቋ አማት የሚስት እናት ናት።
ምን ማለት ነው? አልኩት። «እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል፤
ላቲን የጀመረ ሁሉ በዚህ ግስ ይገባል።
የናንተስ?» አለኝ። ቀተለ ነው፤ ቀተለ ማለት ገደለ።
ብዕሩን አስቀመጠ። «ልጅ በዚህ ይጀምራል?» አለ።

የኔታ ልሳኑ ትዝ አሉኝ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው
ቀተለን ሲያረቡ፣ እንደ ማር እያጣጣሙ፤
ዝንብ የማይገድሉ ሰው።

ከልጁ ጀርባ እብነ በረድ፤ አርባ ሦስት ስም፤ ጭቃ ውስጥ የወደቁ፤
በዚሁ ክፍል በ«አሞ» ጀምረው፣ በቀተለ አለቁ።
ይህን አልነገርኩትም። ጭራሽ ዞሬ አላየሁም።

«ቀጥሎስ?» አለኝ።
ቀደሰ።
«እሱስ ምንድን ነው?»
ሌላ ቀን፤ ጻፍ፤ ገና ስድሳ ሁለት ቀርቶሃል።
መብራቱን አላጠፋሁበትም። ጧፍም አለበት የኑዛዜው ቃል።