ሰማንያ አራት ወር

ሦስተኛው ሊወለድ ሲቀረው ሁለት ወር
መኪናችን ጠበበች፣ ጀመርን መማከር።
የሕፃን ወንበሩን ሦስት አድርገን ብንደረድር
በሩ አልዘጋም አለ፤
ኦይቫ በጉልበቱ፣ ሬታ በክርኗ፣ እኔም በትከሻዬ
ገፋነው፣ ገፋነው። በር ልመና አይሰማም።
ሎርና በረዶው ላይ ቆማ፣ ሆዷን ደግፋ፣
«ቫን ነው» አለች፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ።

ቫን!
እኔ በሃያ ዓመቴ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ
በሞተር ብስክሌት ነፋስ ስቀድም
ቫን የሚነዳ አባት ባየሁ ቁጥር እስቅ ነበር።
ሳቄ ሃያ ዓመት ዞሮ ደጄን አንኳኳ።

ቅዳሜ ወደ አዲሱ ሄድን።
ብራይስ የሚባል ልጅ፣ ከረባቱ ከአንገቱ የሰፋ፣
ቁልፉን ጫን ሲል በሩ በራሱ ተንሸራተተ፣
ቅቤ የተቀባ ይመስል፤
ሬታ አጨበጨበች። ከፈተ። ዘጋ። ከፈተ።
ውስጡ ማንም ያልተነፈሰው ሽታ፣
ወንበሩ ላይ ላስቲክ፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት።
ዋጋውን ሲጠራ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
ሐኪም ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው።
«በወር በወር ነው፣ አይሰማዎትም።»
ስንት ወር?
«ሰማንያ አራት።»

ሰማንያ አራት ወር በጣቴ ቆጠርኩት፣
ጣቴ ሲያልቅብኝ በልጆቼ ዕድሜ ሰፈርኩት፤
ኦይቫ አሥር ነው፤ አሥራ ሰባት ይሞላዋል፣
ዕዳው ሲያልቅ ቁልፉን ከእጄ ይቀበላል።
ያልተወለደውም፣ ስም ያልወጣለት፣
ተወልዶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ ጥርሱን እስኪያወልቅ
ዕዳው ከደጃችን ንቅንቅ አይል፣ አይለቅ።

እሑድ ወደ አሮጌው፣ ከተንደር ቤይ ወጣ ብሎ።
አቶ ሃግስማ፣ የወረቀት ፋብሪካ ጡረተኛ፣
ቫኑን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በረንዳው ፊት አቁሞ ጠበቀን፣
እንደ ሙሽራ አባት።
ዋጋው የአዲሱ ሲሶ።
ኪሎ ሜትሩ ሁለት መቶ ሺህ ከምናምን፤
«የጨረቃ ግማሽ መንገድ» ብሎ ቀለደ።
ዘይት የቀየረበትን ቀን ሁሉ በደብተር ይዟል፣
በእርሳስ፣ በጠራ ቁም ጽሕፈት።
ጣሪያው ላይ ሰማያዊ የከለር ጭረት፣
የኋላው ወንበር ላይ የጭማቂ ካርታ፤
ውሻ ውሻ ይሸታል። ውሻው ግን የለም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል።
ይባል። ዕዳም አያሞቅ።

ሎርና ወንበሩን ልታጥፍ ጎንበስ ስትል
ከሐዲዱ ውስጥ፣ ከብስኩት ፍርፋሪና ከሳንቲም መሃል
አንዲት ጥርስ አወጣች። የወተት ጥርስ፣
ከሩዝ የማትበልጥ።
አቶ ሃግስማ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።
«የማራይከ ናት» አለ። «መንገድ ላይ ወልቃ ጠፋች፤
ነዳጅ ማደያ አቁመን በባትሪ ፈለግናት።
ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰች።»
አሁን የት አለች?
«ሃሊፋክስ። ነርስ ናት።»
ጥርሷን በሸሚዙ ኪስ ከተታት፣ አዝራሩን ቆለፈ፣
ከዚያ ወዲያ ስለ ዋጋው ቃል አልተናገረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።
ሰኞ ግን መካኒኩ ዱዌይን ከሥሩ ተጋደመ፤
በመፍቻው ጫፍ ነካ ቢያደርገው
ብረቱ እንደ ብስኩት ረገፈ።
«ጨው ነው፣ የክረምቱ መንገድ ጨው።
ከላይ ታጥቧል፣ ከታች ተበልቷል።
ልጅ አታሳፍርበት።»

ስልክ ደወልኩ። አቶ ሃግስማ ዝም አለ፣
የቤቱ ሰዓት ሲቆጥር እስኪሰማኝ ድረስ።
«አመሰግናለሁ» አለኝ በመጨረሻ፤
የተገላገለ ሰው ድምፅ ነበር።

አዲሱን ገዛን።
አንዴ ፈርሜ ሰማንያ አራቴ የፈረምኩ መሰለኝ።
ሎርና ስትፈርም እጇ አልተንቀጠቀጠም፤
ሕፃኑ ግን ረገጠ።
ስንመለስ ሬታ ከኋላ ዝም ብላለች፤
ዝምታዋ ሲበዛብኝ በመስታወት አየኋት፤
አፏን ከፍታ የታች ጥርሷን በምላሷ ትነቀንቃለች።
«ተይ» ልል ነበር።
«እዚህ አይሁን» ልል ነበር።
በረዶው ሲበረታ መጥረጊያውን ከፈትኩ፤
ጨው የሚበትነው መኪና ከፊታችን ይሄዳል፣
በአዲሱ ብረት ሥር ጠጠር ጠጠሩ ይንጣጣል።