ከአራቱ ብርጭቆ አንዱ

ዳቶ ነው ቤታችን፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
ለሦስት አንድ ክፍል፣ ኪራዩ ግን ለአርባ፤
ፍራሹ አይቀዘቅዝም፣ አንዷ ስትወጣ አንዷ ስትገባ።

ዛሬ ግን ሦስታችን ቤት ነን፤ በሀዋሳ መብራት የለም፤
ሻማው አጠገቤ፣ በእጄ ላይ ቀለም፤
ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ፣ አሥረኛ ደርሻለሁና፣
የሠራተኛው አቤቱታ በኔ እጅ ይጻፍ ተባለና፣
«ተራ ቁጥር አንድ» ብዬ ከጻፍኩ ሰዓት አለፈ፤
ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል እንኳ አልተጻፈ።

«ደሞዙን አስቀድሚ!» አለች ዳመነች፣ ቦዲቲ ያደገችው፣
ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን በሳፋ ውሃ እያሸችው።
«ረሃብ ደጅ ሲያንኳኳ የማንን ጎሳ ጠይቋል?
ሆድስ ሲጮህ በየትኛው ቋንቋ ነው? ሁሉም ያውቃል።
ያቺ የመስመር አለቃ፣ ያገሬ ልጅ፣ የአክስቴ ጎረቤት፣
ለሦስት ደቂቃ የቀን ደሞዜን ስትቆርጥ ዝምድናው ገባ የት?
ደሃ በየዘሩ ድንኳን ተክሎ ለየብቻው ካለቀሰ፣
ባለፋብሪካው ምን ገዶት? በተለያየን ቁጥር ደገሰ።»

ሩሃማ ዝም አለች። ሩሃማ ከሸክላ ሠሪ ቤት ናት፤
በሲዳምኛ አፏን የፈታች፣ በዚያው ቋንቋ «ሀዲቾ» የሚሏት።
ቆይታ፣ ጣቷን እያፍተለተለች እንደ ጭቃ፣
«እኔና አንቺ እኩል ነን» አለች፣ «እስከ ምሳ ሰዓት፤ በቃ።

ምሳ ሲደወል ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል፤
የሚሸሸኝ ባለሀብት መሰለሽ? እንደኔው ቁልፍ ይተክላል፤
ደሞዛችን እኩል፣ ድካማችን እኩል፣ ዕዳችን አንድ ላይ፤
እጁ ግን እጄ ካረፈበት አያርፍም፣ ከአንድ ሳህን ላይ።
አጎቴ አይሱዙ ገዛ፤ አሸዋ አመላልሶ ፎቅ ሠራ፤
ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል፣ ብድር ይጠይቀዋል በተራ፤
ልጁን ግን ማን አገባት? ሽማግሌ የላከ አንድ አለ?
ፎቁ ወደ ላይ አደገ፤ ስሙ ግን ምድር ቤት ዋለ።
ደሞዝ ይጨመር፣ እሰየው፤ እኔም ሁለቴ እበላለሁ፤
ግን ሁለቴም ብቻዬን ነው። እሱን ነው ጻፉልኝ የምላችሁ።»

«ይህን ብንጽፍ ግማሹ አይፈርምም፤ ወረቀቱ ይሞታል» አለች።
«ባንጽፍስ? እኔ አልፈርምም» ብላ ሩሃማ ሻማውን አየች።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ዳኛ መሰልኳቸው መሰለኝ።
እኔ ግን ያቺ ቅዳሜ ትዝ አለችኝ፤ ጉሮሮዬን አነቀኝ፦

እናቷ ከአላሙራ ማዶ በእግሯ መጥታ ነበር፣
ጀርባዋ ላይ ድስት አዝላ፣ በገለባ ጠቅልላ፣ እንዳይሰበር።
«ለልጆቼ ነው» አለች፤ ልጆቼ ስትል እኔንም ጨምራ።
ጠምቷት ነበር። መደርደሪያው ላይ አራት ብርጭቆ ነበር በተራ።
እኔ ሃይላንድ ፈለግሁ። አንገቱን በምላጭ ቆረጥኩት፤
ቀድቼ፣ በሁለት እጄ፣ በአክብሮት አቀረብኩት።
በአክብሮት!
እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች፤
«ተባረኪ» ብላ ጠጣች። ባዶውን ይዛው ሄደች፤
መጣሉን እንኳ ለኔ አልተወች።
ከዚያ ወዲህ በድስቷ ሽሮ በልተናል ስንት ማታ!
እጇ የሠራውን እልሳለሁ፤ ከንፈሯ የነካውን ግን — ዝምታ።

ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከአራቱ አንዱን ብርጭቆ አነሳሁ፣
የራሴን። ቀዳሁ፤ ለሩሃማ ሰጠሁ፤ ምን እንደምል ግን ረሳሁ።
አየችኝ። ረጅም አየችኝ፤ ያቺን ቅዳሜ ታውቃለች ማለት ነው።
ግማሹን ጠጣች፤ ግማሹን መለሰችልኝ፤ «ይኼ ያንቺ ነው።»

ውጭ የንጋቱ ሰርቪስ ጥሩምባውን ነፋ፤
ዳመነች ጫማዋን ፈለገች፤ የሳፋው ውሃ ተደፋ።
ደሞዜ ከደሞዟ እኩል ነው፤ ሳንቲም አይበልጥ፣ አይጎድል፤
ጥሜም ከጥሟ እኩል ነው፤
ከንፈሬ ግን ከብርጭቆው አፍ ስንዝር ርቆ ሲያመነታ፣ ሲታገል።

ተራ ቁጥር አንድ አጠገብ እስካሁን ቃል የለም፤
ሩሃማ ትጠብቃለች፤ የምታየው ግን ወረቀቱን አይደለም።