ባዶውን የማይመለስ

ኮዬ ፈጬ፣ እሑድ፣ ብሎክ ሃያ ስምንት፤
አንዱ ፌዝ ጠፍቶ ግማሹ ሕንፃ ያለ መብራት።
የኔ ቤት አምፖል ግን በጠራራ ፀሐይ
ሳላጠፋው ቀርቶ ይበራል ጣሪያ ላይ።

በሬ ተንኳኳ።
እትዬ ወይኒ ነች። ዌቭኒ ነበር ስሟ፣
ሰፈሩ ወይን አደረጋት፤ "አቤት" ትላለች እሷም ተስማምታ።
ካራተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ሳፋ በጨርቅ ሸፍና፦
"ጋሽ ደርቤ፣ ሊጤ ተነሥቶብኛል፤
ኦቭኔ ሞቷል፤ ያንተስ ይሠራልኛል?"

የኔ ኦቭን! ሽንኩርትና አሮጌ ጋዜጣ ነው የሚያድርበት።
ጡረታ ስወጣ ልጄ የገዛችው፣
የበሩ ፕላስቲክ እንኳ ሳይላጥለት።

እኔ የዳቦ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቃሊቲ ፋብሪካ፣
ሊጥ ግን አንድም ቀን በእጄ ሳልነካ።
ሥራዬ አዝራር ነበር። አረንጓዴው ሲጫን ይወርዳል፣
ቀዩ ሲጫን ይቆማል።
ስንት ሺህ ዳቦ በፊቴ እንዳለፈ መዝገቡ ያውቃል።

ገባች። ሳፋዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ
ጨርቁን ገለጠች፤ በራሷ ቋንቋ ከሊጡ ጋራ
ተጣላች። ኋላ ለኔ ተረጎመችው፦
"እኛ ዘንድ ባሕሩ ከከተማው በላይ ነው፣ በግንብ ነው የምናግደው፤
ሊጡም ተዝናንቶ ነው የሚያብጠው።
እዚህ፣ ተራራ ላይ፣ ዘወር ስል ሳፋውን ይጥሳል፣
ታክሲ እንዳመለጠው ሰው ምን ያራውጠዋል?"

"የባሕር ዳር ልጅ ነኝ" ያለችኝ ዕለት ትዝ አለኝ፤
ስለ ጣና ዓሣ አወራሁላት፣ ዝም ብላ ሰማችኝ።
የጉያና ባሕር ዳር መሆኑን
ከመንፈቅ በኋላ ነው ልጇ የነገረኝ።

ከዚያ ኮኮናቱ። ከመርካቶ ሁለት ተገዝቶ ነበር፤
አንዱ ውስጡ የሻገተ፣ አንዱ ሲናጥ ውኃው የሚናገር።
መዶሻ ይዤ በረንዳ ላይ ሦስቴ ብመታው
ጎረቤቱ "ምን ፈረሰ?" እያለ አንገቱን አወጣው።
ሚልኪ፣ የምድር ቤቷ ልጅ፣ ሮጣ መጥታ ውኃውን ጠጣች፣
"ስኳር የረሱት ወተት!" ብላ ፈረደች።

ፋቅን፣ ፋቅን፤ የጣቴንም ቆዳ ጨምሬ ፋቅሁ።
ቀረፋ፣ ቡናማ ስኳር፤ "ቀይ ቀለምስ?" አለችኝ፤ ከየት ላምጣ?
እዚህ ሱቅ ያለው ቀለም በር የሚቀባበት ነው።
ከፍሪጅ ቀይ ሥር አወጣሁ።
"አገሬ ብታየኝ ታፍርብኛለች" ብላ ሳቀች፣
ጨመቀችው ግን፤ የሸሚዜን እጅጌም አብራ አቀላች።

ሊጡን ዳመጠች፤ ቀዩን በተነችበት፤ ልትጠቀልል ስትል ቆመች።
የቀኝ አንጓዋን ያዘች። ሪህ ነው፤ አልተናገረችም።
"አንተ" አለች፣
ወደ እኔ ገፋ አድርጋ።

ጠቀለልሁ።
ሊጥ ለካ ይተነፍሳል! ለካስ ይሞቃል ሆዱ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስተዋት ማዶ ነው ያየሁት ሲነጉዱ
እሱና ዘመዱ።
"ቀስ" አለች። "ጠበቅ፣ ግን ቀስ።
ጋቢ ነው እንጂ ገመድ አይደለም።"

ቤቱ መጀመሪያ ሽንኩርት ሸተተ፤
ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፣
ስሙን የማላውቀው፣ ደረጃውን የወጣ፣
የሰዉን በር ያንኳኳ።
ከላይ "መጣ! መጣ!" ተባለ፤ የሷም ቤት መብራት መጣ።
ከወንበሯ ግን አልተነሣችም።

ስንቆርጠው ቀዩ ዞሮ ዞሮ መሐሉ ላይ ጠፋ።
"ቀንድ አውጣ!" አለች ሚልኪ፣ ጉንጯን በቁራጩ ነፍታ።
ወይኒ ቀመሰች። አኘከች። ቆየች።
"ቀይ ሥሩ ያስታውቃል" አለች፤
ሁለተኛ ቁራጭ አነሣች።

ሳላራ ይባላል። ግማሹን በቆርቆሮዋ ትታልኝ ሄደች፤
ማክሰኞ አለቀ።
ቆርቆሮው ታጥቦ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል።
የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ምን ይሞላበታል?
ቆሎ? ሙዝ? የፋብሪካ ዳቦማ ያሳፍራል።

ዛሬ ዱቄት ገዛሁ፤ እርሾም፣ በትንሿ ፓኬት።
ሳፋ ግን የለኝም።
ሳፋ ያለው እሷ ቤት ነው፤
ልዋስ ብወጣ ደግሞ ነገሩ ሊገለጥብኝ ነው።