ሆደ ሰፊ

በኛ አገር፣ በሁሳቪክ፣ ወሬ ያማረው ሰው
መጠጥ ቤት አይሄድም፤ ገንዳ ነው የሚያደርሰው።
ከምድር ሆድ በፈላ፣ እንፋሎት ባዘለ ውሃ
እስከ አንገቱ ተነክሮ፣
የዓሣውን ዋጋ፣ የጎረቤቱን ፍቺ፣
የቄሱን አዲስ መኪና ሳይቀር ዘርዝሮ፣
በረዶ ፀጉሩ ላይ ሲወርድ ይስቃል።
እኔም ከልጅነቴ እዚያው ነኝ፤ ገንዳው ያውቀኛል።

መንታ ወለድኩ። ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም ችኩል፤
ሲወጡ በሩን አልዘጉም።
የሆዴ ጡንቻ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ፤
ቆዳዬ እንደ ተራገፈ ከረጢት ተደረደረ።
አምስት ዓመት ቻልኩት።
«ሆደ ሰፊ ነሽ» ይሉኛል፤
ለትዕግሥቴ ይሁን ለሆዴ፣ እነሱ ያውቃሉ።
አንድ ማለዳ ግን ትዕግሥቴ አለቀ፣ ሆዴ ቀረ፤
አውቶቡስ ተሳፍሬ አኩሬይሪ ወረድኩ፣
ሆድ ሰፊ ፍለጋ፤
መርፌና ክር ያለው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ።

ዶክተር ኦርሊጉር ሰፋኝ፣ ከዳሌ እስከ ዳሌ፣
እንደ ጀልባ ሸራ።
ስነቃ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ «ውሃ መቼ?»
«እናንተ የሁሳቪክ ሰዎች!» አለና ሳቀ፤
ከዚያ ሳቁን አጠፈና፦
«ቁስሉ ሳይገጥም ገንዳ የለም፤ ባሕርም የለም፤
ቤትሽ ያለው ባኞም ቢሆን።
ስድስት ሳምንት፤ እሱም አይቼ ‘ግቢ’ ስልሽ።
የተኛ ውሃ ውስጥ የማይተኛ ነገር አለ።»

ገላዬን መታጠብ የተፈቀደልኝ ቀን
ባሌ ሲግትሪጉር የፕላስቲክ ወንበር አስገባ፤
ከጎኔ የወጡትን ሁለት ቱቦዎች
ከነጠርሙሳቸው በጥብጣብ አስሮ
አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ፣ እንደ ሜዳልያ።
«አንደኛ ወጣሽ» አለኝ።
አታስቀኝ! ሳቅ ስፌት ይስባል።
እንደ ዘጠና ዓመት አሮጊት አጎንብሼ
ጀርባዬን ለውሃው ሰጠሁ፤
ለብ ያለ ነው፣ የሚፋጅ አይደለም፤
የሆዴ ቆዳ ደንዝዟልና
ቢቃጠል እንኳ አይነግረኝም።
ሦስት ደቂቃ። ግድግዳው ዞረብኝ። «በቃ!»
በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን አድርጎ፣ ሳያሽ አደረቀኝ፤
መቀነቴን አጠበቀልኝ፤
ከቱቦው የወጣውን ለክቶ
ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጻፈ፣
ከወተትና ከዳቦው ዝርዝር በታች።

በአራተኛው ሳምንት ሰይጣን አሳሳተኝ።
ቱቦው ወጥቷል፣ ስፌቱ ደርቋል፣
ቦርሳዬ ውስጥ የዋና ልብሴ ተጠቅልሏል።
ትኬት ቆራጯ ጉድፊና መነጽሯን አወረደች፦
«ድኗል?»
«ድኗል።»
«እስቲ።»
ጓዳዋ ወሰደችኝ፤ አየች፤
«ይህቺ ሰሊጥ የምታህል እርጥብ ምንድን ናት?»
«ምንም።»
«እንግዲያው ምንምሽ እስኪደርቅ ቤትሽ ተቀመጪ፤
ለሐኪሙም ዛሬውኑ ደውዪ።»
ገንዘቤን መለሰችልኝ፣ ሳንቲሙን ሳታስቀር።
እስከ ቤቴ አለቀስኩ፤
እሱ ውሃ አልተከለከለም።

ስምንተኛው ሳምንት። ኦርሊጉር አየ፤ «ግቢ» አለ።
ከገንዳው በፊት መታጠቢያው አለ፤
እዚያ ሁሉም ራቁቱን ነው፣ ልማዳችን ነው፤
የፈራሁት እሱን ነበር፣ ውሃውን አይደለም።
ሴቶቹ ሳሙናቸውን ፈለጉ፣ ጣሪያውን አዩ።
ኦድኒ ብቻ፣ የመንታዬ እኩሌታ፣
ጠባሳዬን በጣቷ ተከትላ፦
«ዚፕ ነው እማዬ? ሲከፈት ተመልሰን እንገባለን?»
ያን ጊዜ መታጠቢያው በሳቅ ተናጋ፤
እኔም ሳቅሁ፤ ምንም አልተሳበም።

ደረጃውን በዝግታ ወረድኩ።
ውሃው ጭኔን አወቀ፣ ወገቤን አወቀ፤
ሆዴ ላይ ሲደርስ አንኳኳ፤ መልስ የለም፤
ደግሞ አንኳኳ፤
ሰው እንዳለበት የሚያውቅ እንግዳ
በር ላይ እንደሚቆም፣ ቆመ።
አልዋኘሁም። እስከ ደረቴ ገብቼ ቆምኩ።
«አሥር ደቂቃ ብቻ!» ጮኸች ጉድፊና ከመስኮቷ።
ከእንፋሎቱ ውስጥ አንዱ ጠጋ አለልኝና፦
«ስቴይኑን፣ የት ጠፍተሽ ነው?
የዓሣ ዋጋ እኮ ወረደ።»