ሁለት ዙር መቀነት

ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሳይነጋ በጀህራ፣
ወንበሯን እየገፋሁ፣ ካሮጊቷ ጋራ፣
የአሸዋው ጉም ገና ካስፋልቱ ሳይነሳ፣
ደሟን ልናሳጥብ፤ ክንዷ ሁሉ ጠባሳ።
አራት ሰዓት ሙሉ መኪናው ይዞራል፣
ደም ሄዶ ደም ሲመጣ ያንጎራጉራል፤
እኔ ካጠገቧ፣ ካልሲዋን ይዤ፣
ጠብታ ስቆጥር፣ በእንቅልፍ ደንዝዤ።

አባቷ ሉል ለቃሚ፣ ጠላቂ ነበር ከባሕር፣
ሰባት ተምርና አንድ ዓሣ በልቶ የሚያድር፤
ትንፋሹን ውጦ ሲወርድ፣ ጎድኑ እንደ ማበጠሪያ፣
«ሉልዋ» አላት ስትወለድ፣ ሉሌ ናት፣ የመጀመሪያ።
ከዚያ መሬት ተነደለ፣ ጥቁር ዘይት ገነፈለ፣
እግር ሥራ ፈታ፣ መኪና ደጅ ዋለ፤
ሻዩ ሁሉ ስኳር፣ ሩዙ ሁሉ ስብ፤
ረሃብ የሚያስታውስ ገላ ምን ያውቃል፣ ከመሰብሰብ!

በሽታው እኮ በር አልሰበረም እንደ ሌባ፣
እንደ ዘመድ እየሳቀ፣ አንድ ባንድ ነው የገባ፤
መጀመሪያ ቦርጭ መጣ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ተባለ፣
ስኳር ተከተለው፣ ደም ግፊት «እኔስ?» አለ፣
ስቡም በደም ሥሯ ምንጣፍ ተንጋለለ።
አራቱም ካንድ ቤት፣ ሲበሉ ሲያመሹ፣
ሳህናቸውን ማን ይጠብ? ማን ይጥረግ፣ እነሱ ሲያበላሹ?

ኩላሊት።
ከኋላ ክፍል የሚያድር፣ መንታ አገልጋይ፣
እረፍት የማይጠይቅ፣ «ደከመኝ» የማይል ሰው ፊት ላይ፤
ግፊቱ ወንፊቱን ሲቀደው፣ ስኳሩ ሲያጣብቀው፣
ዝም ብሎ ያጥባል፤ ማን ጓዳ ገብቶ ጠየቀው?
«ኩላሊት ያመላለሰውን» ይላል ያገሬ ሰው፤
እሱን ራሱን ግን፣ ማን ቀርቦ ዳሰሰው?
የወደቀ ቀን ብቻ ነው ስሙ የተጠራ።
አውቀዋለሁ፤ የዚህ ዓይነት ነው የኔም ሥራ።

እኔ ጦይባ፣ ከሐርቡ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ስመጣ ሦስት ዙር ይዞረኝ ነበር መቀነቴ፤
ዛሬ ሁለት ዞሮ ያበቃል፣ አልደርስ አለ ቋጠሮው ከፊቴ።
ፎቶ ስልክ እናቴ ለጎረቤት እያዞረች፣
«ተመቻት» አለች፤ «እዩዋት፣ አማረባት፣ ወፈረች!»
ምን ልበላት? ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ትራፊ ሩዝ ቆሜ ስጎርስ በፍሪጅ መብራት፣
ሶዳውን ስደግም፣ ስኳሩ ሆኖኝ እራት?

ባለፈው ረቡዕ ሲስተር ሊሲ፣ የኬረላዋ ነርስ፣
«ነይ እስቲ አንቺንም» አለች፣ አሮጊቷ እስክትጨርስ።
ክንዴን አስራ ነፋች፣ ጣቴን በመርፌ ወጋች፣
በሜትር ወገቤን ዞራ፣ ሳቋን በድንገት ዘጋች።
በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ለተሰባበረ ጆሮ፣
«ሦስቱ ገብተዋል» አለችኝ፤ «ጓዳሽ ደህና ነው፣ ለዘንድሮ።
ተራመጂ፤ ጨው ቀንሺ፤ ሽንትሽ ይታይ በየመንፈቁ፤
ብዙዎች ሳያማቸው ነው፣ ውስጥ ለውስጥ የሚያልቁ።»

ተራመጂ! የት? ከማድቤት እስከ በረንዳ?
ቁልፉ በሰው እጅ፣ ፀሐዩ የእሳት ሜዳ።

ሉልዋ ነቅታ «ማይ» አለች፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፤
የጠላቂ ልጅ ውሃ ስትለምን፣ ባሕሩ ከመስኮት ማዶ ርቆ።
ባገሬ ቄሶች ቋንቋም፣ በሷም፣ ውሃ ማለት ነው ማይ፤
ሐኪም የፈቀደላትን አንዲት የበረዶ ጠጠር አኖርኩላት ምላሷ ላይ።

ከዚያ፣ ዘጠኝ ዓመት «ሻይ» እንጂ ሌላ ያልጠየቀችኝ፣
«ምን አለችሽ?» አለችኝ።
«ምንም።»
ወዲያው ገባኝ፦
የኩላሊት ቋንቋ ነው፣ ካፌ የወጣኝ።

ደግማ ጠየቀች።
ዐባያዬን ገልጬ፣ መቀነቱን አሳየኋት፣
አጥሮ የቀረውን ጫፍ፤
በሚንቀጠቀጥ ጣቷ ለካችው፤ ስንዝር ተኩል ጎደላት።